ለድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በከዚራው ባቡር ጣቢያ ሠራተኞቹም እንዲታወሱ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን በጥገና ክፍል ጨርሶ፣ ቱታው ላይ የያዘው ግሪስ በስንት ሳሙና ሳይለቅ ያረፈ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደ አሮጌው ጣቢያ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ መድረሱን፣ የሐረርን ዳገት ስለፈራ ከተማችን ቆላው ላይ መቆርቆሯን አወራለሁ። ባለፈው ግን አንዱ እንግዳ «እነማን ነበሩ የሚሠሩበት?» ብሎ ጠየቀኝ። የማሳየው አጣሁ።

ይህን ሳብሰለስል ነው የጥቁር አሜሪካውያን የባቡር ሠራተኞች መሪ የነበረው አሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ ትዝ ያለኝ። የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ሲነሳ ሁላችንም ማርቲን ሉተር ኪንግን እንጠራለን፤ ከኪንግ በፊት ግን የባቡር ሰዎች ነበሩ። የፑልማን ኩባንያ በመኝታ ፉርጎዎቹ ላይ ጥቁር አስተናጋጆችን ያሠራ ነበር። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ። ተሳፋሪው ስማቸውን አይጠይቅም፤ በኩባንያው ባለቤት ስም ሁሉንም «ጆርጅ» ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 ማኅበር ሲያቋቁሙ መሪ ያደረጉት ራንዶልፍን ነው። እሱ የፉርጎ አስተናጋጅ አልነበረም፤ የተፈለገውም ለዚሁ ነው፣ ኩባንያው ሊያባርረው አይችልምና። (ይቺን ብልሃት አባቴ ቢሰማት ይስቅ ነበር።) ኩባንያው ማኅበሩን አውቆ ውል የፈረመው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከሥራ የተባረረው ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ራንዶልፍ ጥቁሮችን ይዞ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ እወጣለሁ ብሎ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አስጨነቀ። ፕሬዚዳንቱ በመከላከያ ኢንዱስትሪ በዘር ለይቶ መቅጠርን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ሰልፉ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ ሞንትጎመሪ ላይ ስትታሰር በዋስ ካስፈቷት አንዱ ኢ. ዲ. ኒክሰን የፉርጎ አስተናጋጅና የዚያው ማኅበር የከተማዋ መሪ ነበር። 381 ቀን የዘለቀውን አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ ካስጀመሩት ውስጥ አለበት። የ26 ዓመቱ ወጣት ቄስ ኪንግ ስሙ የተጠራው በዚያ አድማ ነው።

የቀረውን ሰልፍ ራንዶልፍ ከ22 ዓመት በኋላ አወጣው። ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ዋሽንግተን ወጣ። የሰልፉ መሪ የ74 ዓመቱ ራንዶልፍ ነበር። የሰልፉ ስም ራሱ «ለሥራና ለነፃነት» ይላል፤ ዛሬ «ሥራ» የምትለዋ ቃል ተረስታ የኪንግ ሕልም ብቻ ቀርቷል። 1955 እኛም አገር የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተቋቋመበት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። የራንዶልፍ ሐውልት የቆመው ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ቺካጎም በእሱና በአስተናጋጆቹ ስም ሙዚየም አለ። እኔ ሐውልት አልጠይቅም፤ ድሬ ላይ በዚህ ፀሐይ ማን ቆሞ ያየዋል? የምጠይቀው ጣቢያው ውስጥ አንድ ክፍል ነው። የነጂው፣ የመካኒኩ፣ የትኬት ቆራጩ፣ የኩሊው፣ ሐዲድ ሲጠግን የሚውለው ሰው ስምና ፎቶ የሚሰቀልበት። ሰዎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ ቀላቅለው ነበር የሚግባቡት፤ ድምፃቸው በዚያው ቋንቋ ይቀዳ። ጡረተኞቹ እያለቁብን ነው። መቅረፀ ድምፅ የያዘ አንድ ወጣት መድቡና ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ከተቀመጡበት ይሂድ፤ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ።

ክፍሉ ከተፈቀደ የአባቴን ፊሽካና የሥራ ደብተሩን በራሴ እጅ አምጥቼ አስረክባለሁ። ደብተሩ ላይ ስሙ በፈረንሳይኛ ተጣሞ ተጽፏል። ስትሰቅሉት ከሥሩ በአማርኛ አስተካክላችሁ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከለገሀሬ