ለአባባ፦ ስለ ዳላሱ ጉዞና ስለ ዕቃው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «እኔ በአሰብ መንገድ ስንት ዘመን ጭነት ያመላለስኩ ሰውዬ፣ ልጄ የገዛ ቤቷን ዕቃ ለማንሳት ለሰው ገንዘብ ትከፍላለች?» ያሉኝን ሳስብበት ሰነበትኩ። ባለቤቴም እንደ እርስዎ ነበር ያሰበው። ትልቅ መኪና ተከራይተን፣ ወዳጆቻችን በደቦ ጭነውልን፣ ራሳችን ነድተን ዳላስ ልንገባ።

ግን መንገዱን ያስቡት አባባ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እስከ ዳላስ፣ ቴክሳስ 2 ሺህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መልስ ቢሄዱ እንኳ አይሞላውም። የኪራዩ መኪና ጭነት መያዣው ብቻ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የቤት መኪናችንም ከኋላው መጎተት አለባት። መንገዱ የቨርጂኒያንና የቴነሲን ተራሮች ያቋርጣል፣ ባለቤቴ ደግሞ ከቤት መኪና በላይ ነድቶ አያውቅም። «ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ጣርማበር ላይ ፍሬናቸው ግሎ ጎማቸው ሲጨስ ስላዩዋቸው መኪኖች ሲያወሩልን፣ ረዳትዎ ድንጋይ ተሸክሞ እየሮጠ ጎማው ሥር ሲወትፍ እስከ ዛሬ በዓይኔ ይታየኛል። እርስዎ ይህን ሙያ በስንት ዓመት ነው የተማሩት። ባለቤቴ በአንድ ጉዞ፣ ያውም ልጆቹን አሳፍሮ ይማረው ማለት ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ለአጓጓዦች ልንከፍል ወስነናል።

ገንዘቡ እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁ። ጭነት ሳይነሳ ዋጋ ይቆረጥ የሚለውን ምክርዎን አልረሳሁም። እዚህ አንዱ የዋጋ አሰጣጥ ቁርጥ ነው፣ ሌላው ግን ዕቃው ሲመዘን ከፍ ሊል የሚችል ግምት ነው። ግምቱ 6 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ አጓጓዦቹ ዕቃውን ሲያስረክቡ እስከ 6 ሺህ 600 መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀሪ ካለም በኋላ ሂሳብ ይልካሉ። እኔ ቁርጡን መርጫለሁ። ቤታችንን ሳያይ በስልክ ርካሽ ዋጋ ነግሮ ቀብድ የጠየቀን ነበር፤ ስናጣራ የራሱ መኪና የሌለው ደላላ ሆኖ ስላገኘነው ተውነው። የመረጥነው ድርጅት የራሱ መኪኖች አሉት። በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተመዘገበበትን ቁጥርም ራሴ አይቻለሁ፤ ሰው ልኮ ዕቃችንን ክፍል በክፍል ካስቆጠረ በኋላ ነው ዋጋውን በጽሑፍ የሰጠን። ከግንቦት እስከ መስከረም ዋጋው እንደሚወደድ አልጠፋንም፣ ግን ልጆቹን ከትምህርት መሐል ማንሳት አልፈለግንም።

ያስደነገጠኝ የዋስትናው ነገር ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡት ዋስትና የሚሰላው በክብደት ነው፤ ዕቃ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ለአንድ ፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የእማዬን ጀበና፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ 3 ፓውንድ። ቢሰበር 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሊሰጡኝ ነው! በእጇ የሰፋችው መሶብም ከዚያ እምብዛም አይሻልም። ለሚጫነው ዕቃ ሙሉ ዋጋውን የሚሸፍነውን ዋስትና እንገዛለን። ጀበናውንና መሶቡን ግን ለማንም አልሰጥም። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር፣ መሶቡን በልጆቹ መሐል አድርጌ በቤት መኪናችን ይዣቸው እሄዳለሁ።

ውሉን የምንፈርመው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት እሑድ እንደውልልዎታለን። ሲጫን ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። ከባዱ ከታች፣ መስታወት በቁሙ እንጂ ተጋድሞ አይጫንም ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሌላ ልብ የምለው ካለ አስበው ይቆዩኝ። ባለቤቴም ረጅም መንገድ ላይ እንቅልፍ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር ሊጠይቅዎት ይፈልጋል።

አክባሪ ልጅዎ