ለታዴ፣ ስለ አንድ የፊትዝሮይ ባክ

ውድ ወንድሜ ታዴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? አልማዝስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማማን ማረፍ ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን። ከዚያ ወዲህ እኔም አልጻፍኩ፣ አንተም አልጻፍክ፣ ዓመታት ነጎዱ። ደጋግሜ አስብሃለሁ። ዛሬ ግን ከአንተ በቀር ለማን እንደማጫውተው የጠፋኝ የአንድ የድሮ ሰው ታሪክ ስላገኘሁ ብዕር አነሳሁ። ሰውየው እንደ አንተው ባክ ነበር፤ ኋላ ቆሞ የሚያስጥል ተከላካይ።

እዚሁ ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ ከሚባለው ሰፈር ወጥተን ወደ ፊትዝሮይ ተዛውረናል። ትንሹ ልጄ እዚሁ ሰፈር ፉቲ ጀምሯል፤ የአውስትራሊያኖቹን ኳስ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። አንድ ቅዳሜ አኩርፎ መጣ። አሰልጣኙ ኋላ አቁሞታል። ጎል የሚያገባው ሌላ፣ የሚጨበጨብለት ሌላ። «ሰባት ኳስ አስጥያለሁ፣ ማንም አላየኝም» አለኝ። ያኔ አንተ መጣህብኝ። ጃን ሜዳ ላይ ጎል ያገባውን ተሸክመን ስንጨፍር፣ አንተ ዳር ቁጭ ብለህ ካልሲህን ወደ ቁርጭምጭሚትህ ጠቅልለህ የተላጠ ጉልበትህን በኮዳ ውሃ ስታጥብ። ያን ቀን ያሸነፍነው በአንተ እንደነበር እኮ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳህ። ኳሱም ሜዳውም ሞላላ ነው። በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይለጋል፤ ከሩቅ የተለጋ ኳስ መሬት ሳይነካ የቀለበ ሰው ማንም ሳይደርስበት ተረጋግቶ የመምታት መብት አለው። ጎሉ አራት ቋሚ ነው፤ በመሃለኞቹ መካከል የገባ 6 ነጥብ፣ በዳርና በመሃል ቋሚ መካከል ያለፈ 1 ነጥብ። በረኛ የለም። አንተን የሚገርምህ ግን ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው! ያቺ እጅህን አንስተህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥተህ አጥቂውን ባዶውን የምታስቀርባት ዘዴህ እዚህ አትሠራም። አጥቂው ከፈለገ ጎል ሥር ይውላል። ባኩ ከጎኑ ሳይለይ ይቆማል፣ ኳሱ ሲመጣ አብሮ ይዘላል፣ መቅለብ ካልቻለ በቡጢ መትቶ ያበላሽበታል። እያንዳንዱን ኳስ በጉልበትና በዓይን መጋፈጥ ነው፤ መሸሸጊያ የለውም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ስሙ ጆ ጆንሰን ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። በ1904 ከኖርዝኮት መጥቶ ለዚህ ሰፈር ቡድን ለፊትዝሮይ ተሰለፈ። የቪክቶሪያ ሊግ በ1897 በስምንት ቡድን ከተጀመረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ጆንሰን በዚያ ሊግ እንደተጫወተ ከሚታወቁት የአቦርጂናል፣ ማለት የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ተወላጆች የመጀመሪያው ነው።

ያኔ ተጫዋች ጀርባው ላይ ቁጥር አልነበረውም፤ ቁጥር የመጣው በ1912 ነው። ደመወዝም በሊጉ ደንብ አይፈቀድም ነበር፤ ሊጉ ክፍያን የፈቀደው በ1911 ነው። ከሁሉ የከበደኝ ተቀያሪ አለመኖሩ ነው። ከመስመር ውጭ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ የተፈቀደው በ1930 ነው። የተጎዳ ባክ ወይ እያነከሰ ይጨርሳል፣ ወይ ወጥቶ ጓደኞቹን ያጎድላል። አንተ በዚያ ቁርጭምጭሚትህ ምን እንደምትመርጥ አውቃለሁ።

ጆንሰን በዚያው በመጀመሪያ ዓመቱ ለዋንጫ ደረሰ። መስከረም 17 ቀን 1904፣ በሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ፣ ከካርልተን ጋር። እሱ የቆመው ሀፍ ባክ ላይ፣ በዳር ነው። ሀፍ ባኮቹ ሦስት ናቸው፤ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ባኮች ፊት ይቆማሉ፣ ከመሃሉ የሚለጋውን ኳስ መጀመሪያ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። አስጥሎ ዝም ማለት የለም፤ ያስጣሉትን ይዘው ማጥቃቱን የሚጀምሩትም እነሱ ናቸው። ፊትዝሮይ 61 ለ37 አሸነፈ። ካርልተን በአራቱም ክፍለ ጊዜ ያገባው አምስት ጎል ብቻ ነው። አምስት! አሁን እዚህ ሳይ አንዳንድ ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያንን ያገባል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኮሊንግዉድን 30 ለ17 ረትተው ዋንጫውን ደገሙት፤ ተቃራኒው ሁለት ጎል ብቻ ነው ያገኘው። ባክ ሆነህ ይህን ውጤት ስታነብ ከአገባው ሰው በፊት ያስጣለውን ነው የምትፈልገው፤ እኔም ባክ ሳልሆን አሁን እንደዚያ ማንበብ ጀምሬያለሁ።

በ1906 ፊትዝሮይ እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በካርልተን 94 ለ45 ተሸነፈ። ጆንሰንም ከዚያ ወዲያ ሊጉን ትቶ ብሩንስዊክ ለሚባል ቡድን ሄደ፤ በኋላም አንደኛውን የዓለም ጦርነት ዘምቷል። በሊጉ መዝገብ የቀረው 55 ጨዋታና 15 ጎል ነው። ወደ ፊት እየተሻገረም ተጫውቶ ስለነበር ጎሎቹ ተቆጥረውለታል። ያስጣላቸው ኳሶች፣ ከአጥቂ ጋር ዘሎ በቡጢ ያወጣቸው፣ በደረቱ የተቀበላቸው ግን አንድም ቦታ የሉም። ማንም አልቆጠረም።

ታዴ፣ አለመቆጠሩ ኳስ ላይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልህ። ጆንሰን ከ30 ሺህ በላይ ሰው እያየው ዋንጫ ሲያነሳ፣ የአገሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 የሕዝቡ ብዛት ሲሰላ አቦርጂናሎች አይቆጠሩም ይል ነበር። በ1902 የወጣው የምርጫ ሕግ ደግሞ አብዛኞቹን በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ ከልክሏል። ያ አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ከመቶ ዘጠናው ሕዝብ ይሰረዝ አለ። ይህን ባነበብኩ ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የተቀበለን አገር ስለሆነ ወደድኩት፤ የወደድኩትን አገር ይህንንም ጨምሬ ማወቅ አለብኝ።

ከእሱ በኋላ፣ በ1932፣ ዳግ ኒኮልስ የሚባል አጭር ፈጣን ልጅ እዚሁ ፊትዝሮይ መጣ። ቀደም ሲል ሌላ ቡድን ሞክሮ ነበር፤ ወጌሻው ጥቁር ገላ አላሽም አለና ተመለሰ። ፊትዝሮይ ውስጥ ግን የቡድኑ ኮከብ ሄይደን በንተን ከጎኑ ሆነለት። ኒኮልስ ኋላ ሰር ተብሎ በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ ገዢ ሆነ፤ ሊጉም በየዓመቱ በስሙ የተሰየመ ጨዋታ ያካሂዳል። ደስ ይለኛል። ግን የኋለኛው ስም ሲጠራ የፊተኛውም ቢጠራ እላለሁ።

የድሮው ሜዳ አሁንም አለ፤ ኤዲንብራ ጋርደንስ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ነው። በ1888 የተሠራው ጥላ ፎቁ ሳይፈርስ ቆሟል። ፊትዝሮይ ሜዳውን በ1966 ለቀቀ፣ በ1996 መጨረሻ ደግሞ ክለቡ ከብሪዝበን ጋር ተዋህዶ ከሊጉ ስሙ ጠፋ። ልጄን ይዤው ሄጄ ጥላ ፎቁ ላይ ተቀመጥን። የእኔና ያንተ ቦታ ካታንጋ እንደነበረ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ሜዳው ወርዶ ሀፍ ባኩ የሚቆምበት የቱ ጋ ነው አለኝ። አሳየሁት። ሄዶ ቆመ፣ እጁን ዘረጋ፣ ግራና ቀኙን አየ። «ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል» አለ።

አሁን ኋላ መቆሙን ወዶታል። ስለ ጆንሰን የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፣ ስለ አንተም ነገርኩት፤ ከዚያ እኔ መመለስ የማልችለውን ጠየቀኝ። አጥቂው ፊት ለፊት ሲመጣ የምታየው ዓይኑን ነው፣ ወገቡን ነው ወይስ ኳሱን? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፊት የሮጥኩ ሰው ምን ልበለው? አንተ ጻፍለት። አማርኛ ያነባል፣ ፊደሉን እናቱ አስተምራዋለች፤ ብቻ ጽሑፍህን ትንሽ ሰፋ አድርገው።

አልማዝን ሳምልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ግርማ