«ባለመጠንቀቋ ነው» ላላችሁን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤቱ የኦንላይን አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

በስማችሁ በተከፈተ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ስለተፈጸመ ዝርፊያ አቤት ለማለት መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ሰማሁ። ቅጽ ሞልቼ ላክሁ፤ «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ በሰከንድ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። በአካል መጣሁ፤ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። በመጨረሻ ደብዳቤ ደረሰን። ማኅተምም ፊርማም አለው። ቁም ነገሩ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጉዳቱ ተገልጋይዋ ባለመጠንቀቃቸው የደረሰ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም።»

እሺ። እንግዲያው ስለ መጠንቀቅ እናውራ።

ተገልጋይዋ አክስቴ ናት። ፈቃዷን ለማሳደስ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ስልኳ ላይ ጽፋ ፈለገች። ከሁሉ በላይ የመጣላትን ነካች። ለካ ማስታወቂያ ነው። ለማስታወቂያ የከፈለ ሰው ከእናንተ በላይ ይወጣል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ገጹ ሲከፈት ሎጎው የእናንተ ነው። ቀለሙ የእናንተ ነው። የእርስዎ ፎቶ እንኳ ከነእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክትዎ አለ። እኔን አፌን ያስያዘኝ ግን ከላይ የተለጠፈው ቢጫ መስመር ነው፦ «ከሐሰተኛ ድረ ገጾች ይጠንቀቁ!» ማስጠንቀቂያችሁን ሳይቀር ገልብጠውታል። ሌባውም እንደናንተው ተጠንቀቂ ብሏታል።

የካርዷን ቁጥር አስገባች። ጀርባው ላይ ያሉትን ሦስት አኃዞች አስገባች። ቀጥሎ ስልኳ ላይ የመጣውን ኮድ። ከዚያ አንዲት ክብ መሽከርከር ጀመረች፤ ከሥሯ «እባክዎ ይጠብቁ፣ ገጹን አይዝጉ» ይላል። አልዘጋችም። ያቺ ክብ የምትሽከረከረው ሌላኛው ወገን ኮዱ ጊዜው ሳያልፍበት እውነተኛ ክፍያ ላይ እስኪጠቀምበት ነው። አክስቴ በትዕግሥት ስትጠብቅ ሒሳቧ ተራገፈ።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። በዚያው ሳምንት እውነተኛውን ድረ ገጻችሁን ከፈትኩት። ብራውዘሩ ቀይ አሳየኝ፦ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም፣ ተመለስ። የደኅንነት ሰርተፍኬታችሁ፣ ብራውዘሩ ገጹን ሲከፍት የሚፈትሸው ዲጂታል ማረጋገጫ፣ ጊዜው አልፎበታል። ስደውል የእናንተው ሠራተኛ ምን አለችኝ መሰለዎት? «ችግር የለውም፣ ዝርዝር የሚለውን ንካና ዝም ብለህ እለፈው።» የሌባው ገጽ ግን ንጹሕ ነበር፤ ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም በቦታዋ አለች። እንግዲህ ብራውዘሩ ያስጠነቀቀን ከእናንተ ነው፣ ያሳለፈን ወደ ሌባው። እናንተ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን እለፉት ብላችሁ ታስተምራላችሁ። ከዚያ «ባለመጠንቀቋ»።

ፖስተራችሁንም አንብቤዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም። «የቁልፍ ምልክት ያለው ድረ ገጽ እውነተኛ ነው» ይላል። አይደለም! ቁልፏ የምትለው በእርስዎና በገጹ መካከል የሚያልፈው መረጃ የተመሰጠረ፣ ማለትም ሌላ ሰው መንገድ ላይ እንዳያነበው የተቆለፈ መሆኑን ብቻ ነው። ገጹ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሌባ ይሁን ጻድቅ፣ አትናገርም። ቁልፏን የሚያስገኘው ሰርተፍኬት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል፤ ሌባም ይወስዳል። ክሮም የተባለው ብራውዘር ሰው ቁልፏን እየተሳሳተ ስላመናት እ.ኤ.አ. በ2023 ከአድራሻው ጎን አንሥቷታል። እናንተ ግን ዛሬም ትለጥፋላችሁ።

ፖስተሩ «የፊደል ስሕተት ካዩ ይጠራጠሩ» ይላል። የናንተ ገጽ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ስሕተት አለ፤ የሌባው አስተካክሎታል። «በ24 ሰዓት ውስጥ ካልከፈሉ የሚል መልእክት አይመኑ» ይላል። ስልኬ ላይ ከእናንተ የመጣ ትክክለኛ መልእክት አለኝ፤ እስከ ነገ ካልከፈሉ አገልግሎቱ ይቋረጣል ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ወዴት እንደሚወስድ የማይታይ አጭር ሊንክ። «የማያውቁትን አድራሻ አይክፈቱ» ይላል። ምዝገባችሁ በአንድ አድራሻ ነው፣ ክፍያችሁ በሌላ፣ ቀጠሮ መያዣው ደግሞ ስሙን ሰምተን በማናውቀው ድርጅት አድራሻ። ታዲያ ከየትኛው ነው የምንጠነቀቀው?

ሊጻፍ የሚገባው እኮ ፖስተሩ ላይ የለም። ሎጎን ማንም ይገለብጣል፤ የማይገለበጠው አድራሻው ነው። እሱንም ማንበብ ያለብን ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (/) ተነሥተን ወደ ግራ ነው። ባለቤቱን የሚናገረው ከስላሹ በፊት መጨረሻ ላይ ያለው ስም ከነቅጥያው (እንደ «ዶት ኮም» ያለው) ነው። ከፊቱ ማንም የፈለገውን ይደረድራል፤ የመሥሪያ ቤታችሁን ሙሉ ስም ጭምር። አክስቴ ያየችው አድራሻ ውስጥ ስማችሁ አለ፤ ቀጥሎ አንዲት ሰረዝ፣ ቀጥሎ «ክፍያ» የሚል ቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከእናንተ የክፍያ አድራሻ ይልቅ እናንተን ይመስላል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ረጅም አድራሻ ተቆርጦ ነው የሚታየው።

ይህ በእናንተ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ከ140 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ተሰርቆበት ነበር። ተጎጂዎችን የሚያስተናግደው በዋናው ድረ ገጹ አልነበረም፤ በአዲስ አድራሻ ሌላ ገጽ ከፈተ። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ የአድራሻውን ቃላት ቦታ አቀያይሮ አስመሳይ ገጽ ሠራ፤ ስንት ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ለማሳየት እንጂ ለስርቆት አይደለም። የተሳሳተው ማን ሆነ? ራሱ ድርጅቱ። በትዊተር ገጹ ደንበኞቹን ደጋግሞ ወደ አስመሳዩ ላካቸው። የገዛ ሠራተኞቹ ያልለዩትን አንዲት ጡረተኛ ለይታ ታውቅ?

ሐሰተኛውን ገጽ ጠቁሜያችኋለሁ። ስክሪንሾቱን፣ ሙሉ አድራሻውን፣ የተመዘገበበትን ቀን፣ አድራሻውን የሸጠውን ድርጅት ስም ሁሉ ልኬላችኋለሁ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አድራሻውን ማንም በነፃ በሚያገኘው የዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻዎች) መዝገብ ላይ መፈለግ ብቻ ነው። ገጹ የተመዘገበው አክስቴ ከመዘረፏ በፊት በነበሩት ቀናት ነው፤ የእናንተ ዕድሜ ጠገብ ነው። የዶት ኮም አድራሻ የሚሸጡ ድርጅቶች ማስረጃ የቀረበበትን የማጭበርበሪያ ገጽ በአፋጣኝ እንዲያስቆሙ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ውላቸው ያስገድዳቸዋል። ስሙ የተሰረቀበት መሥሪያ ቤት በማኅተሙ ቢጽፍላቸው ከእኔ ከተርታው ሰው ኢሜይል የተለየ ክብደት ይኖረው ነበር። እናንተ ግን «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አላችሁኝ። ገጹ ዛሬም ይከፈታል።

ወደ ዋናው ላምራ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ስርቆቱ አይደለም። ሌባ ሌባ ነው። አክስቴ የከፈለችው እናንተ ዘንድ ስላልደረሰ የማሳደሻዋ ቀን አለፈ። ስለዚህ እንደገና ትክፈል ተባለ። ይሁን። ግን በዚያ ላይ የመዘግየት ቅጣት ጨመራችሁባት! ቀኑ ከማለፉ በፊት ለመክፈል የሞከረችበት ማስረጃ ፋይሉ ውስጥ አለ። የባንክ ደረሰኙም አለ። ለፖሊስ ያመለከተችበትም አለ። የመስኮቷ ሠራተኛ ሁሉንም ገልጣ አየችና «ሲስተሙ አይቀበልም» አለች። አክስቴ ምንም አልመለሰችም፤ ወረቀቶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ነኝ የጮህኩት። አንዴ በስማችሁ ተዘረፈች፣ አንዴ በማኅተማችሁ ተቀጣች። ሲስተሙ የማይቀበል ከሆነ ሲስተሙን የሚያዘው ማነው?

ምክር ልስጣችሁ አላልኩም፤ ባለሙያዎች አሏችሁ። አገልግሎታችሁን ሁሉ በአንድ አድራሻ ሥር ማድረግ፣ በመልእክት ሊንክ መላክ ማቆም፣ ሰርተፍኬት በጊዜው ማደስ እኔ የማስተምራችሁ ነገር አይደለም። ሰርተፍኬቱን ለሚያዘገይ ክፍል ቅጣት እንዳለው ግን ባውቅ ደስ ይለኛል። የመዘግየት ቅጣት ትወዱ የለ?

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቅጣቱ ይሰረዝ። አይሰረዝም ከተባለም የከለከለው መመሪያ ቁጥሩ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠኝ። አደራ፣ መልሱን በአጭር ሊንክ እንዳትልኩልኝ። አልከፍተውም።