ለወላጆች፦ ስለ ልጆች ባሕርይና ስለ ሲጋራ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ስብሰባ የሲጋራን ጉዳይ ስናነሳ ብዙዎቻችሁ «የእኔ ልጅ ጨዋ ነው፤ እናንተ ረባሾቹን ተቆጣጠሩ» ብላችሁን ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ በዚህ ሐሳብ ስለማልስማማ ነው።

እርግጥ ነው፣ ባሕርይና ማጨስ ይገናኛሉ። ተጫዋችና ሰው ወዳድ የሆነ፣ አዲስ ነገር ካልሞከረ የማያርፍ ልጅ ለሲጋራ ቅርብ ነው፤ ጓደኛ ሲበዛ «እንካ ሞክር» ባዩም ይበዛል። ሳያስብ የሚቸኩል፣ የጀመረውን የማይጨርስ ልጅም እንዲሁ። ነገር ግን ጥናቶች ሌላም ልጅ ያሳዩናል፦ ቶሎ የሚጨነቅ፣ በትንሹ የሚከፋው፣ ስሜቱን ውጦ የሚቀመጥ። ከዓይናችን የሚያመልጠው ይኸኛው ነው። ረባሹ ከሽንት ቤት ጀርባ ተሰብስቦ ሲያጨስ ጭሱም ሳቁም ያጋልጠዋል። ዝምተኛው ከፈተና በፊት ብቻውን ወጥቶ ማስቲካ እያኘከ ይመለሳል፤ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነም የሚጠይቀው የለም።

ለዚህ ልጅ ሲጋራ መድኃኒት ይመስለዋል። ኒኮቲን የተባለው የሲጋራው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርስና ቀለል ይለዋል። ሱስ ከያዘው በኋላ ግን የሚያስታግሰው ጭንቀት በአብዛኛው ሲጋራው ራሱ ያመጣው ነው፤ ኒኮቲኑ ሲቀንስ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ሲያጨስ ይለቀዋል። አንጎል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ስለሚያድግ በልጅነት የገባ ሱስ ሥር ይሰዳል።

«ተፈጥሮው ነው» ብሎ መተውም አይበጅም፤ ሁሉን በባሕርይ ማሳበብ የት እንደሚያደርስ ከዚህ በፊት ታይቷል። ስመ ጥሩው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይዘንክ ካንሰርን ከሲጋራው ይልቅ ከአጫሹ ባሕርይ ጋር ያያይዝ ነበር፤ ከትምባሆ ኩባንያዎችም ገንዘብ ተቀብሏል። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን መርምሮ 26 ጽሑፎቹን እምነት የማይጣልባቸው ብሏቸዋል።

ስለዚህ ኪስ ከመፈተሻችሁ በፊት ልጃችሁን ምን እንዳስጨነቀው ጠይቁት። የምታጨሱ ወላጆች (ይህ ደስ እንደማይላችሁ አውቃለሁ) ልጁ ቤት ውስጥ የሚያየው ነገር የራሱ ድርሻ አለው።

በእኛ በኩል፣ ራሱ መጥቶ «አጨሳለሁ» ያለ ተማሪ አይቀጣም፤ ወደ ምክር አገልግሎት ክፍል ይላካል። አብራችሁት ለመምጣት የምትፈልጉ በማንኛውም የትምህርት ቀን ከሰዓት በኋላ ብትመጡ እንቀበላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር