በሬዬን ቆጥራችሁ ሄዳችሁ

ክቡር አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ነፃ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት፣ በተለምዶ ቲንክ ታንክ ስለምንላቸው፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ከዳር እስከ ዳር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይጠየቅ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ለመጠይቁ መልስ የሚሰጠው ሰው የለም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ተመራማሪዎቹ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው መጠይቁን ያዘጋጃሉ፤ እኛ ደግሞ ቦርሳችንን አንግበን ቀበሌ ለቀበሌ እንዞራለን። ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ለነፃ ተቋማትም ሠርቻለሁ። የማንንም ስም አላነሳም። አበላችን ስንት እንደነበረም ባልናገር ይሻላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስለ መሬት ይዞታ እንጠይቅ ነበር። ጊዜው ስስ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ወረቀት የያዘ እንግዳ ሰው ሲታይ፣ «ደግሞ ሊለኩብን መጡ» ነው የሚባለው። መጠይቃችን በሄክታር ይጠይቃል፣ ገበሬው በቃዳ ይመልሳል። አራቱን ቃዳ አንድ ሄክታር እያልን፣ እዚያው ጉልበታችን ላይ እናሰላለን። ቁጥሩን እያሳነሰ የሚነግረን እንዳለም እናውቃለን። ማን ይፈርድበታል?

አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። ጥያቄው ብዙ ነበር፤ ስንት ልጅ፣ ስንት በሬ፣ ስንት ኩንታል ጤፍ፣ መሬቱን ማን ያርስልዎታል፣ እኩል ነው ወይስ ሲሶ የሚያገኙት። ሁለተኛው ቡና ላይ ጨረስን። ወረቀቴን ስሰበስብ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «አምናም እንዳንተው አንዱ መጥቶ ነበር። በሬዬን ቆጥራችሁ ሄዳችሁ። ታዲያ ምን ላይ ደረሳችሁ?»

«ሲታተም ይደርስዎታል፣ እናቴ» አልኩ። ዋሸሁ። ጥናቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ፣ በእንግሊዝኛ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ተመረቀ። እኔም ተጠርቼ ሻይና ኬክ ቀመስኩ። እኒያ ሴትዮ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ነጥብ ሆነዋል፣ የትኛው እንደሆኑ እንኳ መለየት አይቻልም።

ይህን ስጽፍ የነፃ ጥናት ተቋማትን ለማጣጣል እንዳይመስልባችሁ። ያለ እነሱ ምን እንደምንሆን አይቻለሁና። የመሬት ነገርን ብቻ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ የተባለው ነፃ የጥናት ተቋም መሬት ላይ ብዙ ጽፏል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የደሳለኝ ጥናት ሲወጣ፣ ለባለሀብት በሰፊው መሬት የሚታደልበት ወቅት ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ለአንድ የውጭ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር በዓመት በሄክታር 20 ብር ሒሳብ ለ50 ዓመት ተሰጥቶ ነበር። ሃያ ብር! ባለሥልጣናቱ «መሬቱ ሰው ያልሰፈረበት ጠፍ ነው» ይሉ ነበር። ጥናቱ ጠፍ የሚባለው መሬት የአካባቢው ሰው እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ ከብት የሚያሰማራበት፣ ከጫካው የሚለቅምበት መሆኑን አሳየ። መንግሥት ያን ውል ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ሰረዘ። ምክንያት ብሎ ያቀረበውም ከዚያ ሁሉ መሬት የለማው 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው የሚል ነበር።

ጥናቱ ውሉን አሰረዘ አልልም። ጥናት እንደዚያ አይሠራም። ግን ገና ሁሉም በሚያጨበጭብበት ሰዓት አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ጠይቆ፣ አትሞ አስቀምጦት ነበር። ከመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ተቋም ያን ጊዜ ያንን ይጽፍ ነበር? እንጃ። የመንግሥት የጥናት ተቋም መኖሩ ክፋት የለውም። አሁን ያለው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት የልማት ምርምር ኢንስቲትዩቱንና የፖሊሲ ጥናት ማዕከሉን አዋሕዶ የተቋቋመ ነው። ጎበዝ ባለሙያዎችም አሉት። መንግሥትም የራሱ አማካሪ ያስፈልገዋል። ግን ቤተኛ አማካሪ የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ብሎ አደባባይ ላይ አይናገርም።

ስለዚህ ወደ ጸሐፊያችሁ ጥያቄ ልመለስ። አዎ፣ የነፃ ተቋማቱ ገንዘብ በአብዛኛው ከውጭ ነው። አገር ውስጥ ለጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ሀብታም ስንት አለ? ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ እናዋጣለን። ለጥናት ያዋጣ ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔም አላዋጣሁም። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን፣ በመብትና በአስተዳደር ጉዳይ ላይ የሚሠሩት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ እንዳያገኙ ተከልክለው ነበር። ከወጪ ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል የሚያዘው፣ 70 በ30 የሚባለው መመሪያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ለመስክ የሚወጣው የመኪና ወጪ ሳይቀር አስተዳደራዊ ወጪ ተብሎ ይያዝ ነበር። መስክ ካልወጣን ምን ልናጠና ነው? እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን የውጭ ገንዘብ ገደብ አነሳ፣ የአስተዳደር ወጪንም 20 በመቶ ላይ ወሰነው። ከዚያ ወዲህ መተንፈሻ አለ።

እኔ ለነፃነት ያለኝ መለኪያ ሌላ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ የተማርኩት ነው። ከፋዩ ያልጠበቀው ውጤት ሲመጣ ተቋሙ ምን ያደርጋል? አንድ ጊዜ፣ ለማን እንደሆነ አልናገርም፣ የሰበሰብነው መረጃ አንድ ፕሮጀክት ብዙም እንዳልጠቀመ አሳየ። ሱፐርቫይዘራችን ደጋግሞ፣ «በትክክል ጠይቃችኋል?» አለን። እንደገና ላከን። እንደገና ያው መጣ። ያ ሪፖርት እስካሁን ሲታተም አላየሁም። እዚያ ላይ የገንዘቡ ምንጭ አገር ውስጥ ሆነ ውጭ ለውጥ የለውም።

መረጃስ? ነፃ ተቋም የሚሠራው በመንግሥት ቁጥር ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ 73 ሚሊዮን ተኩል አለፍ ያለ ሕዝብ ተቆጠረ። አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሟል። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ አሁን ጢም አብቅሏል። ናሙና ስናወጣ ግን ለብዙ ዓመት የምንነሳው ከዚያ ዝርዝር ነበር። የሌለ ጎጥ ውስጥ ቤት ፍለጋ የዞርኩበት ቀን አለ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ 30 ቀን ውስጥም መልስ ማግኘት አለበት። እስቲ ሞክሩት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው መልስ 30 ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ ጀመርኩበት ልግባ። የነፃ ተቋማቱ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ገንዘቡ አይደለም። ውጤቱ ወደ ተጠየቀው ሰው አይመለስም። ለተመራማሪዎቹ ስነግራቸው የሚሰጡኝን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለትርጉም በጀት የለም፤ ዕድገት የሚገኘው በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ በታተመ ጽሑፍ ነው፤ ገበሬው አያነብም። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውንም እንደ ሰው እረዳለሁ። ሦስተኛውን አልቀበልም። የእኒያ ሴትዮ የልጅ ልጅ ያነባል። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያነባል። የገበሬው ስምና የሚስቱ ስም ከነፎቶአቸው የሰፈረበት የይዞታ ደብተር በየቤቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሰው ራሱን ለሚመለከት ወረቀት እንዴት እንደሚጠነቀቅ ማየት ነው።

አማርኛ ብቻ ይሁን ማለቴም አይደለም። ጋምቤላ የተጠየቀ ሰው በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ይነገረው፤ ባሌ የተጠየቀ በኦሮምኛ። መቶ ገጽም አይደለም። አራት ገጽ፦ ምን ጠየቅናችሁ፣ ምን አላችሁን፣ ለማን ነገርን፣ ምን ተባልን። ያ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ከሆነም ባዶ ይሁን፣ እንደዚያው ይላክ።

እናንተንም አልተውም። አንድ ጥናት በሆቴል ሲመረቅ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ የክብር እንግዳውን ንግግር ይጽፋል፣ ይሄዳል። ጥናቱ ምን እንዳለ ሁለት መስመር አይወጣም። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ብትሰጡ ምን ይጎድላችኋል? አንድ የነፃ ተቋም ጥናት ተመርጦ፣ በሰው ቋንቋ ተጨምቆ ይውጣ። የሚተረጉም ሰው ካጣችሁ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። የዚያን የምሥራቅ ጎጃም ጥናት አንድ ቅጂ ከምርቃቱ ቀን ጀምሮ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። በእሱ ልጀምር እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መረጃ ሰብሳቢ፣ ከባሕር ዳር