ደብዳቤ ጽፋ የተለየችውን ከዳተኛ አትበሏት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል፣ እኔ ከጉልበቴ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይቺ አጀማመር የድሮ ደብዳቤ አጀማመር መሆኗን የኔ እድሜ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ሆን ብዬ ነው በሷ የጀመርኩት፣ ምክንያቱም የምጽፍላችሁ ስለ ደብዳቤ ነው።

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ላይ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ስለሄዱ ልጆችና ጥለዋቸው ስላገቡ ሴቶች የወጣውን ጽሁፍ አነበብኩት። ልጄ በሞባይሏ ፎቶ አንስታ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ላከችው፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስንከራከርበት ዋልን። ጸሐፊው ሴቶቹን ከዳተኛ ነው ሚላቸው፣ ልጁ ምሽግ ውስጥ ሆኖ እሷን እያለመ እሷ ድንኳን አስጥላ ትሞሸራለች፣ ከዛ በደብዳቤ ትገለዋለች፣ ነገሩ ይሄው ነው። አሜሪካኖችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንደዚህ አይነቱ ደብዳቤ «ዲር ጆን» የሚል ስም እንዳወጡለት ጨምሯል፣ እሱስ እውነት ነው። ልጄ «አባዬ ላንተም እንዲህ አይነት ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አልመጣልኝም። ግን ስንቱን ከፍቼ ለባለቤቱ እንዳነበብኩ ብነግራት አታምነኝም።

እኔ 1977 ዓ.ም ላይ ከ11ኛ ክፍል ነው የተወሰድኩት። ቀበሌው ኮታ ነበረበት፣ ኮታው ደግሞ መሙላት ነበረበት፣ በቃ። ስልጠናውን ጨርሰን ኤርትራ ናቅፋ ግንባር ስንደርስ በሻምበላችን ውስጥ ደህና አድርጎ ማንበብ ሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፣ ብዙው በ1971 በተጀመረው መሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ስሙን ይጽፍ ይሆናል እንጂ የሰው እጅ ጽሁፍ ሲሰጡት ይጨነቃል። ስለዚህ ሳልመረጥም ሳልሾምም የሻምበሉ ደብዳቤ አንባቢና ጸሐፊ ሆንኩ። ስሜ እንኳን ተረስቶ «ተማሪው» ነበር ሚሉኝ። ክፍያዬ ኮቾሮ ነው፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ አንዳንዴም ሲጋራ፣ ሲጋራውን ለሌላ ሰጥቼ ውሃ እገዛበት ነበር፣ እዛ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

ደብዳቤ ሚመጣው ከአፋቤት ስንቅ ይዞ በሚወጣው ኦራል የጭነት መኪና ነው። አንዳንዴ ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ታሽጎ ይደርሳል፣ ማን እንደከፈተው አይጠየቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳልከፍተው በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ጀመርኩ። የፍቅር ደብዳቤ ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ላይ ከንፈር ወይ አበባ የተሳለበትም አለ። የመለያያ ደብዳቤ ወፍራም ነው። ለምን ወፈረ? ወንዱ ሊዘምት ሲል ፎቶ ቤት ገብቶ ተነስቶ የሰጣትን ፎቶ መልሳ ውስጥ ከታዋለቻ። እንዲህ አይነቱን ፖስታ በጣቴ ዳበስ አድርጌ ጠጠር ሲልብኝ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ላንብብልህ» እል ነበር፣ ልጆቹ ግን ነቁብኝ፣ ኋላ ላይ «ተማሪው ደክሞኛል ካለ አልቆልሃል» ተባለ።

ሌላው ምልክት ሰላምታው ነው። ደህና ደብዳቤ ላይ ከእናት ጀምሮ እስከ ጎረቤት ልጅ፣ አንዳንዴም እስከ ላሟ ድረስ ሰላም ብላለች ይባላል፣ የመለያያው ላይ ግን ሰላምታው አጭር ነው፣ ማንም ሰው ሰላም አላለም። ጸሐፊው ብቻ አይቀርም። ብዙዎቹ ሴቶች እንደኛው ልጆች መጻፍ ስለማይችሉ ለተማሪ ልጅ ነበር ሚያስጽፉት፣ ጸሐፊ የሆነ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ «የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ እኔም ሰላም ብያለሁ» ብሎ ራሱን ማስገባት ልማዱ ነው።

አሁን ወደ ወሎዬው ልምጣ። ስሙን አልጽፍም፣ ዘመዶቹ ይኖራሉ። 1976 ላይ በመጀመሪያው ዙር የመጣ፣ ዝም ያለ፣ ጫማው ሁሌ የተጠረገ ልጅ ነበር፣ እዛ አቧራ ውስጥ ጫማ ጠራጊ አስቡት። ሀገሩ እጮኛ አለችው። በየወሩ ያስጽፈኛል መልስ ግን የለም፣ ዓመት አለፈው፣ እኔም መጻፉ ያሳፍረኝ ጀመር።

ሰኔ 1979 ላይ ሦስት ፖስታ በአንድ ቀን ደረሰው። ደስታው! ሦስቱም በልጅ እጅ ነው የተጻፉት፣ ፊደሉ ከመስመሩ በላይና በታች ሚጨፍር። እኔ ደግሞ ሞኙ ከላይ ያገኘሁትን ከፈትኩት፣ ቀኑን ሳላይ። የካቲት 1979 ነበር ሚለው። ጥር ላይ ተድሬያለሁ ይላል፣ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ብለው ወስደውህ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላህ ነው፣ ሞተህም ከሆነ ነፍስህን ይማር፣ ካለህም ይቅር በለኝ። ከስሩ ደግሞ ጸሐፊው ልጅ በራሱ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት አትቀየመኝ፣ 5ኛ ክፍል ነኝ» ብሎ ጨምሯል።

ወሎዬው ምንም አላለም። ሌሎቹንም አንብብልኝ አለ።

ቀጥዬ ያነሳሁት የነሐሴ 1978 ነው። ከቀያችን አንስተው በሰፈራ አሶሳ አምጥተውናል፣ ደብዳቤህን ወደ ድሮው ሀገር ምትልክ ከሆነ አይደርሰኝምና በዚህ አድራሻ ጻፍልኝ ይላል። ለካ ያን ሁሉ ወር እኔ በጥሩ ጽሁፍ አሳምሬ ስጽፍ የነበረው ሰው ለሌለበት መንደር ነው። 1977 ላይ ከድርቁ በኋላ ከወሎ ስንቱ ቤተሰብ እንደተነሳ የምታውቁት ነው፣ እኛ ግን ምሽግ ውስጥ ሆነን ማን ከየት ወደየት እንደሄደ ሚነግረን አልነበረም።

መካከለኛው የኅዳር 1979 ነበር። አባቴ ለሰው ሊሰጠኝ ነው፣ ለጥር ቀን ተቆርጧል፣ ያንተም አባት ልጄ ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠዋል፣ አለሁ ብለህ አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ እሷን ለሽማግሌዎቹ አሳይቼ አስቀረዋለሁ።

እዚህ ጋ ስደርስ «ቀኑን እንደገና እየው ተማሪው፣ ተሳስተህ ይሆናል» አለኝ። አየሁት። ኅዳር ነው። እኛ ሰኔ ላይ ነን። ያቺን አንዲት መስመር ሚለውን ቦታ ሦስቴ አስደገመኝና ተነስቶ ሄደ። በነጋታው ከኮቾሮ ካርቶን የቀደዳትን ብጣሽ ይዞ መጣና ጻፍልኝ አለ። ምን ልበል ስለው «አለሁ በል»። ሌላስ? «በቃ፣ አለሁ ብቻ። አንዲት መስመር አይደል ያለችው።» ጻፍኩለት፣ በአሶሳው አድራሻ ላክነው። መጋቢት 1980 ላይ አፋቤት በሻዕቢያ ሲያዝ ከሱ ጋር ተለያየን፣ ከዛ ወዲህ አላየሁትም፣ ብጣሿም ትድረስ አትድረስ ሚነግረኝ የለም።

እና ይቺ ልጅ ናት ከዳተኛ? አዋጁ በ1975 ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ነው ያለው። ሴቶቹም ቤተሰቡም በጣታቸው ቆጥረው የተቀመጡት ይሄን ነው። ጊዜው ሲደርስ ማንም አልተመለሰም፣ ለምን እንዳልተመለሰም የነገራቸው የለም፣ እኛን እንኳን የነገረን የለም፣ እኔ ራሴ 1977 የገባሁ ሰውዬ ቤቴ የተመለስኩት ግንቦት 1983 ሁሉም ነገር ሲበተን ነው። በሰፈራችን ስንት እናት ልጇ ይሙት ይኑር ሳታውቅ ዓመታት ቆየች። የገጠር ልጅ ደግሞ እቤት ተቀምጣ ሰባት ዓመት ትጠብቅ ሚላት አባት አልነበረም፣ ሕጉም ቢሆን ያኔ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፣ 18 የሆነው በ1992 የቤተሰብ ሕግ ነው። ይሄን ሁሉ ጽሁፋችሁ ዘሎታል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። መለያያ ደብዳቤ የጻፈች ሴት እኮ ልጅ ለምና፣ ወረቀትና ቴምብር ፈልጋ፣ ምስጢሯን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ተናግራ፣ ከመንደር እስከ ፖስታ ቤት በእግሯ ሄዳ ነው የነገረችው። ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? የዘንድሮ ልጆች ብሎክ አድርገው ሚሄዱትን ሳይ ያቺ አሶሳ ያለች ልጅ ትልቅ ሰው ትሆንብኛለች። እንደውም በሻምበላችን በጣም የተጎዱት ደብዳቤ የመጣላቸው አልነበሩም። የመጣለት ሁለት ቀን ይኮራመታል፣ ይሳደባል፣ ፎቶውን ይቀድዳል፣ ከዛ ይበላል። ምንም ያልመጣለት ነው ኦራሉ በመጣ ቁጥር ተነስቶ ሚሄደው፣ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ዝርዝሩን አምጣና እኔው ልየው ሚለው፣ ማንበብ ሳይችል።

እኛ ወንዶቹስ? ይሄንን ነው ቅዳሜ ምሳ ላይ ለልጄ ያልነገርኳት፣ በናንተ ጋዜጣ ታነበው እንግዲህ። ከረንና አስመራ ስንት ወታደር ሀገሩ ያለችውን ሚስት ረስቶ ትዳር እንደመሰረተ፣ ስንት ልጅ እንደተወለደ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳቸውም ፎቶ መልሰው ሲልኩ አላየሁም፣ እኔ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ከወንድ ወደ ሴት የሄደ መለያያ አንድም አልነበረም። መቼም ሁላችንም ታማኝ ስለሆንን አይደለም። ዝም ስለምንል ነው። ዝም ያለ ወንድ ደግሞ ግዳጅ ላይ ነው ይባልለታል።

እኔ ራሴ አዲስ አበባ የክፍል ጓደኛዬ የነበረች ልጅ ነበረችኝ። ጉልበቴን ተመትቼ አስመራ ሆስፒታል ተኛሁ፣ ከዛ ግንባር አትችልም ተብዬ እዛው ቢሮ ሥራ ተሰጠኝ፣ ብዙም ሳልቆይ የአስመራ ልጅ ወደድኩ። አዲስ አበባዋ አራት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አራቱንም አነበብኩ። ዛሬ እጽፋለሁ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ፣ ምን ብዬ ልጀምረው እያልኩ ቀረሁ፣ እኔ ለስንቱ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጀመር ሳስተምር የነበርኩት ሰውዬ! የአስመራዋም ኋላ አልሆነችም፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ከተቻላችሁ ያን ጊዜ መለያያ ደብዳቤ የጻፉ ሴቶች እንዲጽፉላችሁ በጋዜጣችሁ ጥሪ አድርጉ፣ ስም ሳይጠቀስ ይሁን። የወንዶቹን ለቅሶ እስኪበቃን ሰምተናል።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። 1985 ላይ ከመርካቶ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቆሜ ስሄድ አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ናት፣ የክፍል ጓደኛዬ። አግብታለች፣ ልጅ አቅፋለች። ምን እንደምል ጠፍቶኝ እግዜር ያውቃል ደብዳቤ አልደርስሽ ብሎኝ ነው አልኳት፣ ውሸቴን። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ አስመራ እያለህ ለሰፈራችን ልጅ ለእናቱ የጻፍክለትን ደብዳቤ ታስታውሳለህ ወይ አለችኝ። እናትየው ማንበብ ስለማይችሉ ለሷ ነበር ያመጡላት፣ ለካ እሷም እዛ ሰፈር የደብዳቤ አንባቢ ሆና ነበር። «ሳልከፍተው ነው ያወቅኩት፣ አድራሻው በእጅህ ነው የተጻፈው» አለች። «ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ጸሐፊውም ሰላም ብያለሁ ይላል፣ ለማን እንደሆነ ግን አይልም።»

አክባሪያችሁ
የቀድሞ ብሔራዊ ውትድርና ዘማች
ከአዲስ አበባ