ያ 2007 የማን 2007 ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የዓለም አገሮችን የምታስተዋውቁበትን ገጽ እየቆረጥን ክፍላችን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከጀመርን ሁለት ዓመት አለፈን። የቆዳ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ ዋና ምርት፣ ጦር ሠራዊት፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ለሚካፈሉ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምጽፍላችሁም ገጹን ስለምወደው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ተማሪዎች እዚያው ግድግዳ ሥር ተጨቃጨቁ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ነበር። አንደኛው የቆየ ቁራጭ ይዞ «74 ሚሊዮን» ይላል። ሌላዋ የቅርብ ጊዜውን ይዛ «ከ130 ሚሊዮን በላይ» ትላለች። የልጁ ቁራጭ ላይ «በ2007 ቆጠራ መሠረት» የሚል አለ። ልጅቷ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች። «ቲቸር፣ በ2007 እኮ እኔ ኬጂ ነበርኩ። እዚህ ክፍል እስክደርስ ሕዝቡ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው?»

ልጅቷ አልተሳሳተችም። የተሳሳተው ገጹ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሲሆን 2007። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ሦስት ፊደል ስለቀረች ስምንት ዓመት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ አሁን የምንሰማው ከ130 ሚሊዮን በላይ የሚለው ቁጥር ግምት ነው። ግምት መሆኑ ምንም ነውር የለውም፣ ግን ይነገረን። ጎረቤታችን ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ጀምሮ ሙሉ ቆጠራ አላካሄደችም። የሕዝቧ ብዛት አንዱ ቦታ 3 ሚሊዮን ተኩል፣ ሌላው ቦታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተብሎ ይጻፋል። ልጆቹ ሁለቱንም አይተው «የትኛው ነው ውሸታም?» ብለው ይጠይቁኛል።

ኢኮኖሚው ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት በዶላር ይሰጠናል፣ በምን ምንዛሪ እንደተሰላ ግን አይነገረንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ስድስት ወር ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። በዶላር የሚሰላው የኢትዮጵያ ምርትም ወረቀት ላይ ክፉኛ ወረደ። እኛ ጋ ግን ማሳው አልጠበበም፣ የቡናው ዛፍም አልረገፈም። ገበሬው ያንኑ ጀንፈሉን (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን) ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። ተማሪ ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ቢያይ አገሪቱ በዓመት ውስጥ ግማሿ የተቃጠለ ይመስለዋል። የመግዛት አቅምን ያገናዘበ የሚባለው፣ የየአገሩን የዕቃ ዋጋ ልዩነት የሚያስተካክለው ሌላው ስሌት ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ቁጥር ያወጣል። ሁለቱን ሳትለዩ እያፈራረቃችሁ ስታወጡ እኔም ማስረዳት ያቅተኛል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የጅቡቲ ገጻችሁ ነው። 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ወደ 1 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ከባህር ጠለል በታች 155 ሜትር የሚወርደው የአሳል ሐይቅ፣ ጨው፣ ፍየል፣ የራሷ ሠራዊት። ሁሉም ልክ ነው። ጅቡቲን ጅቡቲ የሚያደርጋት ነገር ግን እዚያ ውስጥ የለም። በዚያች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ። ቻይና ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያ የጦር ሰፈሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ነው። ለምን ቢባል፣ የባብ ኤል ማንደብ የባህር ሰርጥ ነዋ! ሰርጡ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀይ ባህር ወደ ስዊዝ የሚሄድ ከእስያ የመጣ መርከብ በዚያ ያልፋል። ጅቡቲ የምትኖረው ከሰፈሮቹ ኪራይና ከወደቧ ነው። በወደቧ የሚያልፈው ጭነት ደግሞ አብዛኛው የኛ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ የነገራቸው ጋዜጣው አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። አንድ ተማሪ አለኝ፣ አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ተነስቶ አባቱ ድንበሩ ጋ፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ስለሚያየው የመኪና ሰልፍና ስለ ሙቀቱ አወራ። ከጅማ የሚነሳው ቡና አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ በዚያው መንገድ እንደሚወጣ አስረዳ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ከቤታቸው ጓሮ እስከዚያ ሰርጥ ድረስ አንድ መንገድ ነው።

ግዛትና አገርንም ለዩልን። የሕንድ ውቅያኖሷን ደሴት ሪዩኒየንን ከነጻ አገሮች ተርታ አስገብታችሁ ጦር ሠራዊቷን በ«0» ሞልታችኋል። ሪዩኒየን የፈረንሳይ አካል ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ነው፣ የሚጠብቃትም የፈረንሳይ ጦር ነው። ኮስታሪካ ግን እውነትም ሠራዊት የላትም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 አፍርሳዋለች። ሁለቱ ዜሮዎች አንድ አይደሉም። (ሪዩኒየን ድሮ ቡርቦን ትባል ነበር። ቡርቦን የሚባለው የቡና ዝርያ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ቡና ጠጥቶ ለሚያድግ የጅማ ልጅ ይህቺን ብትጽፉለት ደሴቲቱን መቼም አይረሳትም።)

እኛ አካባቢ ገበሬው 74110 የሚባል የቡና ችግኝ ይተክላል። የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ነው። 74 የምትለዋ ዝርያው የተመረጠበትን 1974 እ.ኤ.አ. ታመለክታለች። ዓመቱ ስሙ ላይ ነው። ማንም ገበሬ ችግኙን ሲጠራ ዓመቱን አብሮ ይጠራል።

የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ከያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዓመቱን ጻፉ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩ። ቆጠራ ከሆነ ቆጠራ፣ ግምት ከሆነ ግምት በሉ። ቦታ ከጠበባችሁ ሰንደቅ ዓላማውን አሳንሱት፣ ልጆቹ እሱን ከሌላም ያገኙታል። የጅቡቲን ገጽ ደግሞ እባካችሁ እንደገና ሥሩልን።

የ74 ሚሊዮኑን ቁራጭ ከግድግዳው አላነሳሁትም። ልጅቷ ቀይ እስክሪብቶ ተውሳኝ 2007 ከሚለው ጎን እ.ኤ.አ. ብላ ጽፋበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ ጅማ